ትልቁ ዲስክ በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ለምን ያንሳል?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዕድሜያቸው ሃያና ሃያ አምስት ዓመት የደረሰ፣ ነገር ግን ከሥራ ገበታቸው ያልተሰናበቱ ኮምፒዩተሮች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተ ሙከራውና በየፋብሪካው ይገኛሉ። አንዳንዱ ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር የማይገጥመውን የመለኪያ መሣሪያ ይመራል፤ አንዳንዱ ሠሪው የተወውን የሒሳብ ፕሮግራም ይዞ ይሠራል፤ ሌላው ደግሞ የብዙ ዓመት መዝገብ የተከማቸበት ብቸኛ ሣጥን ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያለዕረፍት የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስኩ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚደክመውም እርሱ ነው። ባለሙያው የደከመውን አውጥቶ በምትኩ ትልቅ ዲስክ ሲያስገባ ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። በላዩ ላይ 160 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ዲስክ በኮምፒዩተሩ ዘንድ 137 ሆኖ ይታያል። ከዚያ ባረጀ ኮምፒዩተር ላይ 33.8፣ ይበልጥ ባረጀው ላይ 8.4 ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎም ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ሲቆጥር በዚያው ደርቆ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ «የጎደለው ይጉደል፣ ሥራው ይቀጥል» ተብሎ ይታለፋል። ሆኖም ሳይመረመር የታለፈው ጉድለት ውሎ አድሮ የተከማቸውን መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የጉድለቱ መንስኤ፣ ቀጥሎ የምርመራው ቅደም ተከተል፣ በመጨረሻም መፍትሔዎቹ ከነጉዳታቸው ይቀርባሉ።

የቁናው ልዩነት

ማንኛውም ምርመራ ከመጀመሩ በፊት እውነተኛውን ጉድለት ከሐሰተኛው መለየት ይገባል። በገበያ ሻጩና ገዢው የተለያየ ቁና ይዘው ከቀረቡ፣ እህሉ ሳይነካ ስፍሩ እንደሚለያይ ሁሉ፣ በዲስክም እንዲሁ ነው። የዲስክ ሠሪዎች አንድ ጊጋባይት የሚሉት 1,000,000,000 ባይት ሲሆን፣ ዊንዶውስ ግን በዚያው ስም የሚጠራው 1,073,741,824 ባይትን ነው። በዚህም ምክንያት 80 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ 74.5፣ 160 የተባለው 149፣ 500 የተባለው 465 ሆኖ ቢታይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። ይህን ያላወቀ ሰው ጤነኛውን ዲስክ ለማከም ሲደክም ይውላል።

አድራሻው የሚያልቅባቸው ድንበሮች

እውነተኛው ጉድለት የሚመጣው ከአድራሻ ማነስ ነው። ዲስክ ሴክተር በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በነዚህ ኮምፒዩተሮች ዘመን እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዝ ነበር። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ሴክተር ቁጥር ሰጥቶ በዚያ ቁጥር ይጠራዋል። ለቁጥሩ መጻፊያ የተመደበው ቦታ ጠባብ ከሆነ፣ ከተወሰነ ልክ በላይ ያለውን ሴክተር የሚጠራበት ስም ያጣል። ዲስኩ ሰፊ ነው፤ ቆጣሪው ግን ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም።

የድንበሮቹ ታሪክ እንደሚከተለው ነው። አይቢኤም ፒሲ ኤክስቲ የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የዲስኩ ይዞታ 10 ሜጋባይት ነበር። በዚያን ጊዜ ለባዮስ፣ ይኸውም ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ለሚሠራው ፕሮግራም፣ የተሰጠው የአድራሻ አጻጻፍ ለሲሊንደር 10 ቢት፣ ለማንበቢያው ራስ 8 ቢት፣ ለሴክተር 6 ቢት ነበር። በኋላ የመጣው የኤቲኤ ዲስክ ደግሞ ለሲሊንደር 16፣ ለራስ 4፣ ለሴክተር 8 ቢት መደበ። ሁለቱ ሲገናኙ ከእያንዳንዱ አነስተኛው ብቻ ስለሚሠራ፣ 1,024 ሲሊንደር በ16 ራስ፣ በ63 ሴክተርና በ512 ባይት ሲባዛ 528 ሜጋባይት ሆነ። የመጀመሪያው ድንበር ይህ ነው።

ባዮሱ የራሶቹን ቁጥር አብዝቶ የሲሊንደሮቹን በመቀነስ አድራሻውን እንዲተረጉም ሲደረግ፣ ድንበሩ ወደ 8.4 ጊጋባይት ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ሲሊንደርና ራስ መቁጠሩ ቀርቶ ሴክተሮች ከዜሮ ጀምሮ በተከታታይ ቁጥር እንዲጠሩ ሆነ። በዚህ ጊዜም አንዳንድ የአዋርድ ባዮሶች ጠቅላላውን ሴክተር ለ16 እና ለ63 እያካፈሉ ሲሊንደሩን ያሰሉ ነበር። ውጤቱ ከ65,535 ሲያልፍ በ16 ቢት ውስጥ አይገባምና፣ ከ33.8 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ የገባበት ኮምፒዩተር ደርቆ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

አራተኛው ድንበር 137 ጊጋባይት ነው። ለተከታታዩ ቁጥር የተመደበው 28 ቢት በመሆኑ፣ ሊጠሩ የሚችሉት ሴክተሮች 268,435,456 ብቻ ናቸው፤ ይህም 137,438,953,472 ባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኤቲኤ-6 ደንብ ቁጥሩን ወደ 48 ቢት በማሳደግ ድንበሩን 144 ሚሊዮን ጊጋባይት አደረሰው። ሆኖም የክፍልፋዮቹን ዝርዝር የሚይዘው የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር የሚጠቀመው 32 ቢት ብቻ ስለሆነ፣ በ2.2 ቴራባይት ላይ አምስተኛው ድንበር ይቆማል። ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ በአንዳንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ 746 ጊጋባይት ብቻ ሆኖ የሚታየው፣ ቆጣሪው ድንበሩ ላይ ደርሶ እንደገና ከዜሮ ስለሚጀምር ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ጠቃሚ ትምህርት ይገኛል። እያንዳንዱ ድንበር የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም እንደ በሽታ ምልክት በሽታውን ይጠቁማል። 137 ያየ ባለሙያ ስለ 28 ቢት፣ 33.8 ያየ ስለ ባዮሱ ስሌት፣ 8.4 ያየ ስለ ጥንቱ አድራሻ ማሰብ ይኖርበታል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ቁጥሩን ሳይመዘግብ መፍታትና መግጠም የሚጀምር ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ዲስኩን በሦስት ምስክሮች ፊት ማስቆጠርና የእያንዳንዱን ቃል በወረቀት መጻፍ ይበጃል።

የመጀመሪያው ምስክር በዲስኩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው። በብዙ ዲስክ ላይ የሴክተሩ ቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ ለምሳሌ በተለመደው ባለ 160 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ቁጥሩ 312,581,808 ነው። ሁለተኛው ምስክር ባዮሱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ወይም ባዮሱ ተከፍቶ ሲታይ የሚያሳየው ይዞታ ይጻፋል። ሦስተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ እዚህ ላይ የክፍልፋዩን መጠን ከጠቅላላው የዲስክ መጠን ለይቶ መመልከት ያሻል። ሰው ትልቁን ዲስክ ከፋፍሎ ቀሪውን ሳይመድብ ትቶት ሳለ፣ ዲስኩ ጎደለ ሲባል ይሰማልና።

ቁጥሩ መጀመሪያ የጎደለበት ቦታ የበሽታው ቦታ ነው። ባዮሱ በትክክል ቆጥሮ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ካጎደለ፣ መንስኤው ያለው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ኤክስፒ የ48 ቢቱን አድራሻ በራሱ አይጠቀምም ነበር፤ ይህ የተስተካከለው በ2002 በወጣው አንደኛው የማሻሻያ ጥቅል ነው። ዊንዶውስ 2000 ደግሞ ሦስተኛው የማሻሻያ ጥቅል ከገባለት በኋላም ቢሆን አገልግሎቱ በእጅ እንዲበራለት ይፈልጋል። ከዊንዶውስ 98 ጋር የመጣው ኤፍዲስክ የተባለው ፕሮግራም ከ64 ጊጋባይት የሚበልጥ ዲስክ ሲያይ 64ቱን ቀንሶ ቀሪውን ብቻ ይናገራል፤ በዚህ ጊዜ የተሳሳተው ፕሮግራሙ እንጂ ባዮሱ አይደለም።

ባዮሱ ራሱ ካጎደለ፣ ከሲዲ በሚነሣ ሊኑክስ አማካይነት አራተኛ ምስክር መጥራት ይቻላል። ሊኑክስ ከተነሣ በኋላ ባዮሱን ሳይጠይቅ ከዲስኩ ጋር በቀጥታ ስለሚነጋገር፣ ሙሉውን ቁጥር ካሳየ ዲስኩና ኬብሉ ጤነኞች ናቸው፤ ጉድለቱም የባዮሱ ብቻ መሆኑ ይረጋገጣል። ዲስኩ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲገባም ያው ጎዶሎ ቁጥር ከታየ ግን፣ መንስኤው ከዲስኩ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። አንዳንድ ዲስኮች አሮጌ ኮምፒዩተር እንዳይደርቅባቸው ይዞታቸውን ወደ 33.8 ጊጋባይት ግድም ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ጃምፐር አላቸው፤ ከቀድሞ ሥራው እዚያው የቀረ ሊሆን ይችላል። ወይም የቀድሞው ኮምፒዩተር ሠሪ የማገገሚያ ፕሮግራሙን ያኖረበት፣ ከተጠቃሚ የተሰወረ ክልል በዲስኩ መጨረሻ ላይ ይኖራል።

ጉድለቱ የሚያስከትለው አደጋ

ባዶ ዲስክ 137 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይና በዚያው ልክ ተከፍሎ ቢሠራበት፣ የሚጠፋው 22.6 ጊጋባይት ቦታ ብቻ ነው። አደገኛው ሁኔታ ሌላ ነው። ዲስኩ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ በሙሉ ይዞታው እንደ አንድ ክፍል ይዘጋጃል፤ መዝገቡም ይገለበጥበታል፤ ከዚያ 28 ቢት ብቻ ወደሚቆጥረው አሮጌ ኮምፒዩተር ይዛወራል። በክፍልፋዩ ዝርዝር ላይ የተጻፈው 160 ስለሆነ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ያንኑ አምኖ ይሠራል፤ ለወራት ምንም ችግር ላይታይ ይችላል። አንድ ቀን ግን ጽሑፉ ከድንበሩ ያልፋል። የሴክተር ቁጥር 268,435,456 በ28 ቢት ሲጻፍ ትርፉ ተቆርጦ ዜሮ ይሆናልና፣ በድንበሩ ማዶ ሊጻፍ የታሰበው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሊጻፍ ይችላል። በዚያ ያለው የክፍልፋዩ ዝርዝርና የፋይሎቹ ማውጫ ነው። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ አይነሣም፤ ወይም ተነሥቶ ዲስኩ ፎርማት እንዲደረግ ይጠይቃል።

ጥፋቱ የሚደርሰው ዲስኩ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ማለትም የተከማቸው መዝገብ እጅግ በበዛበት ሰዓት ነው። ዲስኩን የገጠመው ባለሙያ ያን ጊዜ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂው ፊት የሚቆመው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ይሆናል።

መፍትሔዎችና ዋጋቸው

ተመራጩ መፍትሔ ለማዘርቦርዱ ሠሪው ያወጣው አዲስ ባዮስ ካለ እርሱን መጫን ነው። ይሁንና ባዮሱ በሚጻፍበት ጊዜ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ያለ ባትሪ መጠባበቂያ ይህን መሞከር ድፍረት ነው። የማዘርቦርዱ ሞዴልና የእትሙ ቁጥርም አንድ በአንድ መመሳከር አለበት።

ሁለተኛው የራሱ ባዮስ ያለው የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ በፒሲአይ ማስገቢያው ላይ መሰካት ነው። ካርዱ ዲስኩን ራሱ ስለሚቆጥር የማዘርቦርዱ ባዮስ ከነጉድለቱ ሊቀመጥ ይችላል። ክፍት ማስገቢያ ላለው ኮምፒዩተር ይህ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚስማማ ድራይቨር መኖሩ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ተቀምጦ ባዮሱን የሚተካ ፕሮግራም ነው። በ1990ዎቹ ከዲስኮች ጋር ይታደል የነበረው ይህ ዘዴ ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሲዛወር ይዘቱ ላይነበብ ይችላል። ዘዴው ሥራ ላይ መዋሉ በዲስኩ ገጽ ላይ ካልተጻፈ ቀጣዩን ባለሙያ ያሳስታል።

አራተኛው ድንበሩን አክብሮ መሥራት ነው። ኮምፒዩተሩ 137 የሚቆጥር ከሆነ ከዚያ በታች የሆነ ክፍል ብቻ ማዘጋጀት፣ ወይም ከመጀመሪያው አነስተኛ ዲስክ መፈለግ ይቻላል። 20 ጊጋባይት ለበቃው የመለኪያ መሣሪያ 120 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። የሰፊው ዲስክ ፍላጎት መዝገብ ለማከማቸት ከሆነም፣ መዝገቡን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ በኔትወርክ ማኖር አሮጌውን ከማስጨነቅ ይሻላል።

ከማስረከብ በፊት

ኮምፒዩተሩ መነሣቱና ትክክለኛው ቁጥር መታየቱ ለማስረከብ አይበቃም። ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ ከዳር እስከ ዳር ሊሞላ፣ የተጻፈውም ተመልሶ ሊነበብና ከምንጩ ጋር ሊመሳከር ይገባል። ድንበር ያለፈ ጽሑፍ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ከሆነ በዚህ ፈተና ይጋለጣል፤ የሚጠፋውም ለፈተና የተጻፈው ከንቱ ፋይል ብቻ ይሆናል። ፈተናው ሌሊቱን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፤ ጥቅሙ ግን ከድካሙ ይበልጣል። አሮጌው ዲስክ እስከዚያ ድረስ ሳይነካ መቀመጥ አለበት። አዲሱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም የመዝገቡ ሌላ ቅጂ በተለየ ቦታ ይኑር።

በመጨረሻም ባለሙያው የሴክተሩን ቁጥር፣ የባዮሱን እትም፣ የተመረጠውን መፍትሔና «ይህ ዲስክ ከዚህ ልክ በላይ እንዳይከፈል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በአንዲት ወረቀት ጽፎ በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጥፍ። ከዓመታት በኋላ ክዳኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነውና፤ ያ ሰው የሚያገኘው ምስክር ይህች ወረቀት ብቻ ልትሆን ትችላለች።