የቲሙ ልጅ እንዲጠይቅ እንፍቀድለት
(ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦችና ለለጋሾች የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ላደጉትና ለየቲሞች አዛኝ ለነበሩት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለባልደረቦቻቸው ሁሉ ይሁን።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በተለይም የሙት ልጆችን በጉያችሁ ይዛችሁ የምታሳድጉ እናቶች፣ አያቶችና አጎቶች ሆይ፣

ስለ የቲሞች ስንሰበሰብ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ቀለብ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ደብተርና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ የተራበ ሕፃን ፊደል አይገባውም። ዛሬ ግን በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ነገር ልናነሳ ወደድን። ይኸውም አላህ (ሱ.ወ) በትንንሽ ልጆች ልብ ውስጥ ስላኖረው የማወቅ ጉጉትና አዲስ ነገር የመሥራት ችሎታ ነው።

ማንኛውም ትንሽ ልጅ ጠያቂ ነው። ስንሄድ ጨረቃ ለምን እንደምትከተለን፣ ጉንዳን ቤቱን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ሳይሰለች ይጠይቃል። ይህንን ማንም አላስተማረውም። አባቱን ያጣ ልጅ ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ትምህርት ይማራል፤ የአሳዳጊዎቹን ፊት ማንበብ ይለምዳል። እናቱ በኑሮ ተጨንቃ ስትተክዝ ያያል። በዘመድ ቤት ከሆነ ደግሞ የሌሎችን ልጆች ድርሻ የሚሻማ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለተኛ እንጀራ አይጠይቅም፤ ሁለተኛ ጥያቄም አይጠይቅም። ጎረቤቱም “ምንኛ አደብ ያለው ልጅ ነው!” እያለ ያመሰግነዋል።

ወገኖቻችን ሆይ፣ አደብ ሌላ ነው፤ ፍርሃት ሌላ ነው። አደብ ያለው ልጅ ጊዜውን ጠብቆ ይጠይቃል፤ የፈራ ልጅ ግን ጥያቄውን ይውጠዋል። መዋጥን የለመደ ልጅ ውሎ አድሮ መጠየቅን ራሱን ይረሳል።

በቡኻሪ የሐዲስ ስብስብ የሚገኝ አንድ ታሪክ እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን በባልደረቦቻቸው መካከል ተቀምጠው፣ ቅጠሏ የማይረግፍና በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ምን እንደሆነች ጠየቁ። ሰዎቹ በበረሃ ዛፎች ላይ አሰቡ። በዕድሜ ከሁሉም ያነሱት ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ግን የተምር ዛፍ መሆኗ በልባቸው መጣላቸው። ታላላቆቹ ዝም ማለታቸውን አይተው አፍረው ዝም አሉ። መልሱም ያሰቡት ሆኖ ተገኘ። በኋላ ለአባታቸው ለዑመር (ረ.ዐ) ይህንን ሲነግሯቸው፣ አባትየው ልጃቸው ያን ጊዜ ቢናገሩ ኖሮ ከብዙ ሀብት የበለጠ ደስ ይላቸው እንደነበር ገለጹላቸው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ታላቁ መምህር መልሱን በቀጥታ መናገር ሲችሉ በጥያቄ አቀረቡት፤ ይህም አድማጩ በራሱ አእምሮ እንዲፈልግ ነው። ሁለተኛ፣ አባት ልጁን “አንተ ሕፃን ነህ፣ በትልልቆች መካከል ምን አገባህ?” አላሉትም፤ ዝም በማለቱ ቆጩ እንጂ። እንግዲህ እናስተውል! ዐብደላህ (ረ.ዐ) ወደ ቤት ተመልሰው ይህንን የሚነግሩት አባት ነበራቸው። የእኛ የቲም በልቡ የያዘውን መልስ ለማን ይነግራል? “ምነው ተናግረህ በነበር!” የሚለውስ ማነው? ይህንን ቃል የሚናገር ሰው ማግኘት ለየቲሙ ከደብተርና ከጫማ የማይተናነስ ስጦታ ነው።

በአገራችን ብዙ ሙስሊሞች የሚከተሉት መዝሀብ ባለቤት ኢማም ሻፊዒይ የቲም ነበሩ። በ150 ዓመተ ሂጅራ ጋዛ ውስጥ ተወለዱ፤ አባታቸው በሕፃንነታቸው ስለሞቱ እናታቸው ወደ መካ ወሰዷቸው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ዑለሞች እንደሚያወሱት፣ እናትየው ለመምህሩ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ሆኖም ልጁ መምህሩ ያስተማሩትን ፈጥነው ይይዙና መምህሩ ሲነሱ ለሌሎቹ ልጆች ይደግሙላቸው ስለነበር፣ ይኸው እንደ ክፍያ ተቆጠረላቸው። ወረቀት መግዛት ባይችሉ በአጥንት ላይ ይጽፉ ነበር። ከመንግሥት ጽሕፈት ቤትም አንድ ጎኑ የተጻፈበት ወረቀት እየለመኑ በጀርባው ይጽፉበት ነበር። ድህነቱ እውነት ነበር፤ ነገር ግን የእውቀት ፍቅራቸውን ያጠፋባቸው ሰው አልነበረም። ያ መምህር ክፍያ የሌለውን ልጅ ቢያባርሩት ኖሮ ስንት ነገር እንደሚቀርብን አስቡት።

ኢማም ገዛሊይም በልጅነታቸው አባታቸውን አጥተዋል። አባትየው ሱፍ እየፈተሉ የሚኖሩ ድሃ ሲሆኑ ሁለት ልጆቻቸውን ከጥቂት ገንዘብ ጋር ለአንድ ወዳጃቸው አደራ ሰጡ። ገንዘቡ ሲያልቅ ባለአደራው ልጆቹን አልበተኗቸውም፤ ምግብም ትምህርትም ወደሚገኝበት መድረሳ እንዲገቡ መከሯቸው። እኚሁ ኢማም በኋላ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ልጅ ከትምህርቱ በኋላ መልካም ጨዋታ እንዲጫወት ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ያለ ጨዋታ ዘወትር ለትምህርት ብቻ ማስጨነቅ ግን ልቡን እንደሚገድልና አእምሮውን እንደሚያደነዝዝ አስረድተዋል። ኢብኑ ኸልዱንም በ1377 እ.ኤ.አ ባጠናቀቁት ሙቀዲማ፣ በተማሪዎች፣ ይልቁንም በትንንሾቹ ላይ ጭካኔ ማብዛት ልጁን ስንፍናንና ውሸትን እንደሚያስተምረው ጽፈዋል። ቅጣትን የፈራ ልጅ ከልቡ ያልሆነውን ያሳያል። እንግዲህ በአለንጋ የሚያስቀሩ ሰዎች ይህንን የነገሩን የራሳችን ሊቃውንት መሆናቸውን ይወቁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ብዙ ወጪ የማይጠይቁ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁም።

1ኛ. ከመግሪብ በኋላ እንቆቅልሽ እንጫወት። አያቶቻችን ያለ መጽሐፍ የልጅን አእምሮ ያሰሉበት መንገድ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ ትልቁ ጠያቂ አይሁን፤ ልጁም ይጠይቀን፣ ስናቅተውም አገር እንስጠው። ትልቅ ሰው ሲሸነፍ ያየ ልጅ አለማወቅ ነውር እንዳልሆነ ይማራል።

2ኛ. ማንበብ የማትችሉ እናቶች “እኔ ምን አውቄ ላስጠናው?” አትበሉ። “ዛሬ የተማርከውን ፊደል አስተምረኝ” በሉት። ሻፊዒይ ለጓደኞቻቸው ሲደግሙ እንደጠነከሩ ሁሉ፣ ልጅ ለእናቱ ሲያስተምር የተማረው ይጸናለታል።

3ኛ. ከሽቦና ከቆርኪ የተሠራውን መኪና፣ ከጭቃ የተሠራችውን ላም፣ ከጨርቅ የተሰፋችውን አሻንጉሊት እንደ ቆሻሻ አንጣል። ልጁ ጎማው አልዞር ሲለው ፈትቶ እንደገና ሲገጥም፣ መለካትን፣ መታገሥንና ስሕተትን ማረምን እየተማረ ነው። “እንዴት ሠራኸው?” ብለን እንጠይቀው።

4ኛ. ሴት ልጆችን አንርሳ። በብዙ ቤት የቲሟ ልጅ ውሃ ቀጂ፣ ዕቃ አጣቢና የታናናሾቿ ሞግዚት ናት። ሥራ መልመዷ መልካም ነው፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ የራሷ የሆነ፣ የምታነብበትና የምትጫወትበት ሰዓት ይኑራት። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ሐቋ ነው።

ለእናንተም ለለጋሾች አንድ አደራ አለን። ልጆቹን ስትጎበኙ በደረጃ ስንተኛ እንደወጡ ብቻ አትጠይቁ። በሰው ፊት አቁማችሁም ምስጋና እንዲያቀርቡ አታድርጉ፤ የሰጪውን ደግነት እየደጋገመ የሚናገር ልጅ ተቀባይነቱን ብቻ ይማራል። አጠገቡ ተቀመጡና የሠራውን እንዲያሳያችሁ፣ የሚያስገርመውን እንዲነግራችሁ ለምኑት። ከቻላችሁም ከደብተሩ ጋር አንድ የተረት መጽሐፍና ጥቂት ባለቀለም እርሳሶች ጨምሩ።

የምንሰጠው ቀለብ በወሩ ያልቃል፤ ልብሱም በዓመቱ ይጠብባል። በልጁ ልብ ውስጥ ያልጠፋ የእውቀት ፍቅር ግን እኛ ካለፍን በኋላም ከሱ ጋር ያድጋል፤ ለሌሎችም ይተርፋል። ጠቃሚ እውቀት ከሰው ሞት በኋላ ምንዳው ከማይቋረጥ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

አላህ (ሱ.ወ) የየቲሞቻችንን ልብ ያብራልን፤ አሳዳጊዎቻቸውን በትዕግሥት ያጽናልን፤ የለጋሾችን ሶደቃ ይቀበልልን። አሚን።