ከእንዶድ ፍሬ እስከ ክኒን፦ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች ድካም

(በሬድዮ ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ መድኃኒትና መድኃኒትን በመፈለግ ዕድሜያቸውን ስለሚጨርሱ ሰዎች እንነጋገራለን። እኛ በወረታና በፎገራ ሜዳ የምንኖር ሰዎች ኑሯችን ከውኃ ጋር የተሳሰረ ነው። ርብና ጉማራ ሜዳችንን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሩዛችን ውኃ በተኛበት ማሳ ይበቅላል። ልጆቻችን ከብት ያጠጣሉ፣ ይዋኛሉ። እናቶቻችንና እህቶቻችን ወንዝ ወርደው ልብስ ያጥባሉ። እኛም የሰላት ሰዓት ሲደርስ ከማሳው ዳር ዉዱእ እናደርጋለን። ይህ ውኃ የአላህ ጸጋ ነው። ነገር ግን ወባንና ቢልሃርዝያን የሚያመጡብን ነገሮችም የሚኖሩት በውኃ ውስጥና በውኃ ዳር ነው።

ከሰላት በኋላ ወንድሞች ደጋግመው የሚያቀርቡልን አንድ ጥያቄ አለ። «እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ይገድላል ሲባል ሰምተናል። ታዲያ እኛ ራሳችን ጠጥተነው በሆዳችን ያለውን ትል ለምን አንገድልበትም? ትምህርት ቤት የሚታደለው ክኒንስ ለምን አስፈለገ?» ይላሉ። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ባለማወቅ ግን ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው።

የቢልሃርዝያ ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል። እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዓይነ ምድሩ ውኃ ውስጥ ከገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና በውኃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ይገባል። እዚያ ከተራባ በኋላ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው ሲቆይ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስከትላል፣ ጉበትን ይጎዳል፣ ሆድ ያሳብጣል፣ የልጅን ዕድገትና ትምህርት ወደ ኋላ ይጎትታል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በአድዋ ወንዞች ስለዚህ በሽታ ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። አድማጮቻችን ሆይ፣ ያንን አረፋ ስንት ትውልድ አይቶታል! እኝህ ሰው ግን አይተው አላለፉም፤ «ለምን?» ብለው ጠየቁ። ደግሞም ከልብስ አጣቢ ሴት ለመማር አልተጠየፉም።

ዶክተር አክሊሉ ኋላ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ዛሬ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገራችን አካባቢዎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው እያነጻጸሩ ኃይለኛ የሆነውን መረጡ፤ በቁጥሩ 44 ተብሎ የሚታወቀው ከተመረጡት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አርፈዋል።

አሁን ወደ ኬሚስቶቹ ሥራ እንምጣ። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ከታወቀ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «በፍሬው ውስጥ ካሉት ብዙ ነገሮች የሚገድለው የትኛው ነው?» የሚል ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ከዶክተር አክሊሉ ጋር የሠሩ ኬሚስቶች ንጥረ ነገሩን ከፍሬው ለይተው አወጡ። በዶክተር አክሊሉ አባት ስም መነሻነትም «ለማቶክሲን» ተባለ። ሳፖኒን ከሚባሉት፣ እንደ ሳሙና አረፋ ከሚሠሩ ንጥረ ነገሮች ወገን ነው።

ኬሚስቶች በኋላ የደረሱበት ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሁለት ወገን ስኳር የተያያዘበት ስለሆነ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም የአንዱን ወገን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ገዳይ ይሆናል። በአልኮል ብቻ የጨመቀው ሰው ኃይሉን ላያገኘው ይችላል። በውኃ የምትዘፈዝፈው እናት ግን ታገኘዋለች። ሱብሓነላህ! አሠራሩ ራሱ የመድኃኒቱ አካል ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ እንስጥ። ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን ይሰብራል። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በዚህ ነው፤ ዓሣንም ይጎዳል። ትሉ ያለው ደግሞ በደም ሥራችን ውስጥ ነው። ሳፖኒን ደም ውስጥ ቢገባ ከትሉ በፊት ቀይ የደም ሕዋሳችንን ይሰብራል። ሲጠጣ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ መጠኑ ከበዛም ይገድላል። ነፍሰ ጡር ጠጥታው ደግሞ አደጋው የሁለት ነፍስ ነው። ስለዚህ እንዶድ ለወንዙ እንጂ ለሆዳችን አይሆንም። «ከዛፍ የተገኘ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ከቤታችን እናውጣው።

ታዲያ ትሉን የሚገድለው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሜርክና ባየር በተባሉት የጀርመን ኩባንያዎች የሚሠሩ ተመራማሪዎች ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት አገኙ። ይህ ከዛፍ የተጨመቀ አይደለም፤ ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ ቁራጭ ከቁራጭ እያጋጠሙ የሠሩት ነው። ካልሲየም ወደ ትሉ አካል በብዛት እንዲገባ ያደርጋል። ትሉ ይኮማተራል፣ የያዘውን የደም ሥር ይለቃል። ለልጆች የሚሰጠው መጠን በክብደት ወይም በቁመት ይለካል። የጤና ባለሙያው ልጁን በእንጨት መለኪያ አጠገብ የሚያቆመው ለዚህ ነው።

ይህ ክኒን ግን በጣም መራራ ነው። ምክንያቱን ኬሚስቶች ያውቁታል። መድኃኒቱ እንደ ቀኝና ግራ ጫማ የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን አንዱ በአንዱ ቦታ የማይገባ ሁለት ቅርጾች ቅልቅል ነው። ትሉን የሚገድለው በዋናነት አንደኛው ነው፤ ሁለተኛው ምሬቱን ያበዛል። ተመራማሪዎች የሚሠራውን ቅርጽ ብቻ ለይተው ለትንንሽ ሕፃናት የሚሆን፣ በውኃ የሚሟሟ ክኒን ለማዘጋጀት ብዙ ዓመት ደከሙ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በጎ አስተያየት ሰጠበት። አንድ ሕፃን ክኒኑን እንዳይተፋው የተደረገውን ድካም ተመልከቱ!

ድካሙ ሁልጊዜ ፍሬ አያፈራም። ፕሮፌሰር ኬሊ ቺባሌ ኤሌክትሪክ በሌለበት የዛምቢያ መንደር አድገው ኬሚስት የሆኑ ሰው ናቸው። በ2010 በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ምርምር ማዕከል መሠረቱ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ኤም ኤም ቪ 048 የተባለ የወባ መድኃኒት አገኙ። መድኃኒቱ በአገራችን በኢትዮጵያ በወባ ሕሙማን ላይ እስከ መሞከር ደረሰ። ነገር ግን በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት የጉዳት ምልክት ስለታየ ሥራው ቆመ። የብዙ ዓመት ልፋት ነበር። ያን ሁሉ ለፍቶ «ሰው ሊጎዳ ይችላልና ይቁም» ማለት አማናን መወጣት ነው። በገበያ ቀን ምንነቱ ያልታወቀ ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ «ለሁሉም በሽታ ይሆናል» የሚለውን ሰው ከዚህ ጋር አወዳድሩት።

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን አስተምረውናል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ ነግረውናል። መድኃኒቱ አለ ማለት ግን የሚፈልገው ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። የቀደሙት ሙስሊሞች ይህን ተረድተውት ነበር። በ1248 ደማስቆ ያረፉት ኢብኑል በይጣር 1400 ያህል መድኃኒቶችንና ምግቦችን መዝግበዋል። እኛ ግን በእነርሱ ስም መኩራት ብቻ አይበቃንም። ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ክኒን በትምህርት ቤት በሚሰጥበት ቀን ልጆቻችንን አናስቀር። በልተው ይሂዱ፤ በባዶ ሆድ የሚወስድ ልጅ ሊያቅለሸልሸውና ሊያዞረው ይችላል። ሆድ ቁርጠቱም ብዙውን ጊዜ ወዲያው የሚያልፍ ነው። ቀኑ በረመዷን ከዋለና ልጁ የሚጾም ከሆነ ከጤና ባለሙያው ጋር ተነጋግረን ከኢፍጣር በኋላ የሚወስድበትን መንገድ እንፈልግ።

ሁለተኛ፣ ክኒኑ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ ውኃ ውስጥ ስንገባ አዲሱን አይከላከልም። ስለዚህ ውኃችንን እንጠብቅ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውኃ ውስጥ መጸዳዳትን ከልክለዋል። በወንዝና በማሳ ዳር የሚጸዳዳ ሰው የጎረቤቱን ልጅ እየበከለ ነው። ለዉዱእና ለገላ መታጠቢያ የጉድጓድ ወይም የቧንቧ ውኃ ከሌለ የወንዙን ቀድተን 2 ቀን በንጹሕ ዕቃ እናቆየው፤ ትሉ ከዚያ በላይ በሕይወት አይቆይም። ወይም እናፍላው።

ሦስተኛ፣ የእናቶቻችንን የዕፅዋት ዕውቀት አንናቅ፣ አናባክንም። የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእንዶድ ሌላ ጎጂ የውኃ ፍጥረት እንደሚወገድ ባወቁ ጊዜ በ1990ዎቹ የፈጠራ መብት በስማቸው አስመዝግበውበታል፤ ብዙ ቅሬታም አስነሥቷል። የራሱን ነገር ያልመረመረ ሰው መርማሪ ይቀድመዋል።

አራተኛ፣ ልጆቻችሁን ወንድም ሴትም ሳትለዩ ኬሚስትሪና ሒሳብ አስተምሩ። የማታ መድረሳው ቁርኣኑን ያስተምራቸው፤ የቀኑ ትምህርት ቤትም ይህን ያስተምራቸው። ሕዝብ የሚያስፈልገውን ዕውቀት ማንም ካልያዘው ኃላፊነቱ በሁላችንም ላይ ይቀራል። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ከትምህርት የምታስቀሯት ልጅ ምናልባት ለፎገራ ሕፃናት የሚሆን መድኃኒት የምታገኘው እርሷ ትሆናለች። ማን ያውቃል?

አላህ ሕሙማኖቻችንን ይፈውስልን፤ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጥልን፤ ለሰው ጤና የሚደክሙትን ያግዛቸው።