ስለ ኮምፒዩተር ፕሮሰሰር ማደግ ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር

ልጆች ሆይ፤ በኮምፒዩተር ውስጥ የታዘዘውን ሁሉ የሚያሰላው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1971 ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 4004 የሚባለውን ፕሮሰሰር አወጣ፤ ይኸውም ባንድ ጊዜ የሚያሰላው 4 ቢት ብቻ ነበረ። ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚጻፍበት አንድ ቤት ነው። በ1985 የወጣው 386 ግን እስከ 32 ቢት ደረሰ። ነገር ግን በ32 ቢት አድራሻ የሚቈጠረው የማስታወሻ ስፍራ 4 ጊጋባይት ያህል ነውና፥ ሥራው እየበዛ ሲሄድ ጎተራው ጠበበ። ስለዚህ ኤ.ኤም.ዲ. የተባለው ኩባንያ በ2003 ባለ 64 ቢቱን አትሎን 64 አወጣ፤ ለ32 ቢት የተጻፈውንም የቀድሞ ፕሮግራም እንዲያሠራ አድርጎ ሠራው። ኢንቴልም በማግሥቱ ዓመት ይህንኑ መንገድ ተከተለ።

ሁለተኛው ችግር ትኵሳት ነበረ። በ2004 ፔንቲየም 4 በሰከንድ 3.8 ቢሊዮን ምት ደረሰ፤ ትኵሳቱ ስለ በረታ ግን ኢንቴል ባለ 4 ቢሊዮን ምቱን ለማውጣት የነበረውን አሳብ በዚያው ዓመት ተወ።

አንድ በሬ ቢገርፉት ከጕልበቱ በላይ አይስብም፤ ገበሬም ሁለት በሬ ይጠምዳል። እንደዚሁም በ2005 ሁለቱ ኩባንያዎች ባንድ ፕሮሰሰር ሁለት ኮር፥ ማለት ሁለት የማስላት ክፍል አድርገው ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር አወጡ። ሆኖም ፕሮግራሙ ሥራውን ለሁለት ካልከፈለው ሁለተኛው ኮር አንደኛውን አይረዳውም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ጕልበት መጨመር ብቻ አይበቃም፤ ሥራን በሚገባ ማከፋፈል ራሱን የቻለ ዕውቀት ነውና እርሱን ተማሩ።