በጎረቤት ፊት የሚኖር እምነት
በከሚሴ ለተሰበሰቡ ክርስቲያን ተመራቂዎች የቀረበ የምረቃ ንግግር



ከከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሚወጣ ክርስቲያን ወጣት ከማስረጃው ጋር አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ይዞ ይወጣል፤ ይኸውም በተማሪነቱ ዘመን በጉባኤ መካከል የተማረውን እምነት ነገ በመሥሪያ ቤት፣ በገበያና በሐዘን ቤት እንዴት አድርጎ በግልጽ ይኖረዋል የሚለው ነው። ግቢ ጉባኤ የሚባለው፣ ማኅበረ ቅዱሳን በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በብዙ ተቋማት የተስፋፋው የኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች መንፈሳዊ ጉባኤ፣ ወጣቱን ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ሃይማኖቱን ሲያስተምረው ይቆያል። ሆኖም በጉባኤው ሁሉም አንድ ዓይነት ጸሎት የሚጸልይ፣ አንድ ዓይነት ጾም የሚጾም በመሆኑ፣ ተማሪው ስለሚያምነው ነገር ከውጭ ሰው የሚጠየቅበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ጥያቄው የሚጀምረው ምደባ ደርሶት ሻንጣውን ይዞ ከወረደበት ቀን አንሥቶ ነው።

በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን ይህ ጥያቄ ከሌላው የአማራ ክልል አካባቢ የተለየ መልክ አለው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ያለች የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአርጡማ ፉርሲ እስከ ባቲ ባሉት ወረዳዎች አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊምና አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው። ክርስቲያኑ በብዛት በሚኖርበት በጎንደር ወይም በጎጃም አንድ ሰው ረቡዕና ዓርብ ቢጾም፣ በአንገቱ ማዕተብ ቢያስር፣ ማለትም የተጠመቀ ክርስቲያን መሆኑን የሚያመለክተውን ክር ቢያጠልቅ፣ ማንም ልብ አይለውም፤ ሁሉም እንደዚያው ነውና። በከሚሴ ግን የአምሳ አምስት ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሥራ ባልደረባው ለምን ወተትና ሥጋ እንደተወ ይጠይቀዋል፣ ማዕተቡንም ያየዋል። ብዙዎች ይህን እንደ ችግር ይቆጥሩታል፤ በእርግጥ ግን በልማድ የተሸፈነ እምነት ተገልጦ ምክንያቱን እንዲናገር የሚገደድበት መልካም አጋጣሚ ነው። በብዙኃን መካከል ሳይመረመር የኖረ ክርስትና በጥቂቶች መካከል ሲገባ ራሱን ይመረምራል።

ምስክርነት ማለት አንድ ሰው ያየውን፣ የሰማውንና የሚያምንበትን ነገር በኑሮውና በአንደበቱ ለሌላው ማሳወቅ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የማቴዎስ ወንጌል በአንድ ስብከት ውስጥ የሚቃረኑ የሚመስሉ ሁለት ትእዛዛትን ይሰጣል፤ በምዕራፍ አምስት መልካም ሥራ በሰው ፊት እንዲታይ ሲያዝ፣ በምዕራፍ ስድስት ደግሞ ምጽዋትም፣ ጸሎትም፣ ጾምም ለታይታ እንዳይደረጉ አጥብቆ ያስጠነቅቃል። ሁለቱን በጥሞና ያነበበ ሰው ልዩነቱ በዓላማው ላይ መሆኑን ይረዳል፤ ሰውየው ለመታየት ሲል አይሠራም፣ ሥራውን ለመደበቅ ሲልም አይተወውም። የጴጥሮስ የመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ ሦስት ላይ፣ አማኝ ስለ ተስፋው ለሚጠይቀው ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ እንዲሆን፣ መልሱም በየዋህነትና በአክብሮት እንዲሆን ያሳስባል። የዚህን ቃል ቅደም ተከተል ማስተዋል ይጠቅማል፤ መልስ የሚሰጠው ለጠየቀ ሰው ሲሆን፣ ሰው ደግሞ የሚጠይቀው ሊጠየቅ የሚገባው ኑሮ ሲያይ ነው።

ጥቂት ሆኖ በብዙኃን ፊት ስለ መናገር በኢትዮጵያ ምድር የተፈጸመ ታላቅ ምሳሌ አለ፣ ምሳሌነቱም የመጣው ከሙስሊም ወገን ነው። በእስልምና የታሪክ መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ ተሰደው አክሱም ከደረሱት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች አንዱ የሆነው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ፣ ሙስሊሞች ነጃሺ ብለው በሚጠሩት ክርስቲያን ንጉሥ ፊት ቀርቦ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ፣ ስለ መርየምና ስለ ልጇ የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል አሰማ። በማግስቱም ከሳሾቹ የሁለቱን እምነት ልዩነት አንሥተው ሊያጣሉት ሲሞክሩ፣ ንጉሡን ለማስደሰት ብሎ ቃሉን አልለወጠም፣ ንጉሡን የሚያዋርድ ቃልም አልተናገረም፤ የሚያምነውን እንዳመነው ተናገረ፣ ንጉሡም ሰምቶ ጥገኝነቱን አጸናለት። ይህ ታሪክ በኢትዮጵያ መድረኮች በተደጋጋሚ ሲነሣ ክርስቲያኖች ራሳቸውን ብዙውን ጊዜ በንጉሡ ቦታ ያስቀምጣሉ። በከሚሴ ለሚኖር ክርስቲያን ግን የሚስማማው ቦታ የጃዕፈር ነው፤ ጥቂት፣ ተጠያቂና እንግዳ ሆኖ ሳለ ሳይፈራና ሳይንቅ የሚናገር ሰው ቦታ።

ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን የግዴታ መንገድ ከሚሴ ያለችበት ወሎ ራሷ በመራራ ታሪክ ታውቀዋለች። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደሴ አቅራቢያ በምትገኘው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የትምህርተ ሃይማኖት ክርክር ከቋጩ በኋላ፣ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዋጅ አወጡ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም የወሎ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሆኑ፤ ኢማም አመዴ ሊበንም ንጉሥ ምኒልክን የክርስትና አባት አድርገው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት ግን አዋጁን ተቃውመው ተነሡ፣ ብዙ ሕዝብም ተሰደደ። ከቀሩት መካከል ቀን ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሌሊት ሙስሊም የሆኑ ብዙዎች እንደነበሩ የዘመኑ ታዛቢዎች ጽፈዋል። የዚህ ዓይነት ጥምቀት ለክርስትና ያተረፈው ነገር ቢኖር፣ የመስቀሉን ስም ከወታደር ስም ጋር አጣምሮ በአንድ ሕዝብ ትዝታ ውስጥ መትከል ነው። ግዴታ የሚወልደው ስውርነትን ነው፤ ስለዚህም እምነቱን በግልጽ ለመኖር የሚሻ ክርስቲያን የሙስሊሙ ጎረቤቱም እምነት በግልጽ የሚኖርበትን ነጻነት አብሮ ሊሻ ግድ ይለዋል። ይህ የፖለቲካ ጨዋነት ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ በፈቃድ ያልሆነ እምነት በክርስትናም ዘንድ እምነት አይባልምና።

በዚሁ ዘመን ሌላ መንገድ የሄደ ሰው ነበር። በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተነጥቆ በባርነት የተሸጠውና እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ባደረገው ረጅም ድካም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ አሳተመው፤ ፊደሉም የግእዝ ፊደል ነበር። እጁ ላይ የነበረው ኃይል የቋንቋ ዕውቀትና ትዕግሥት ብቻ ነበር። ነቀምት ተመልሶ ሲያስተምር የከሰሱት ሙስሊሞች አልነበሩም፣ የገዛ ሀገሩ ካህናት ነበሩ፤ ለዓመታትም ከትምህርት ቤት ሥራው በቀር ስብከት ተከልክሎ ኖረ። በመጨረሻ በ1908 ዓ.ም. የመስበክ ፈቃድ የሰጡት ልጅ ኢያሱ ናቸው፤ ልጅ ኢያሱ ደግሞ በቦሩ ሜዳው አዋጅ የተጠመቁት የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። አባት በአዋጅ እምነታቸውን በለወጡበት ሀገር ልጅ አንድ ሰባኪ ያመነውን በነጻነት እንዲናገር ፈቀዱ። ኦነሲሞስ የወንጌላውያን ወገን ቢሆንም፣ ስለ ክርስቶስ መናገር የፈለገ ሰው ቃሉን በሰሚው ቋንቋ ለማቅረብ ዕድሜውን መክፈሉ ለማንኛውም ክርስቲያን የሚጠቅም ትምህርት ነው።

ዛሬ ነገሩ በሕግም የተደነገገ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 27 ማንኛውም ሰው ሃይማኖቱን የመያዝ፣ የማምለክ፣ የማስተማርና የመግለጽ መብት እንዳለው፣ እምነቱንም በኃይል ወይም በሌላ መንገድ መገደብ እንደማይቻል ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። እነዚህ ድንጋጌዎች ለተመራቂው ሁለት ነገር ይነግሩታል። ማዕተቡን ለመደበቅ፣ ጾሙን ለመሸሸግ ወይም ሲጠየቅ ስሙን ለመለወጥ አይገደድም። መምህር ሆኖ በክፍል ውስጥ ሲቆም ግን ተማሪው ትቶት መውጣት የማይችል ሰሚ ነውና፣ ነርስ ሆና በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆምም ሕመምተኛዋ መድኃኒቷን ከእርሷ የምትጠብቅ ናትና፣ በዚያ ስፍራ መስበክ ነጻ ሰው ለነጻ ሰው የሚያደርገው ንግግር መሆኑ ይቀራል። እርዳታ እየሰጡ፣ ሥራ እያስቀጠሩ ወይም ውጤት እየያዙ ስለ እምነት መናገር ጥቃቅን ቦሩ ሜዳዎችን መሥራት ነው።

ታዲያ በሥራ ሰዓት የክርስቲያኑ እምነት የሚታየው በምን ላይ ነው? በሥራው ላይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ያልተገዛን ዕቃ እንደተገዛ አድርጎ ደረሰኝ አያወራርድም፤ የመሬት ባለሙያው ከባለጉዳይ እጅ መንሻ አይቀበልም፤ የእንስሳት ሐኪሙ በበጋ ከብቶቹን ወደ ጨፋ ረግረጋማ ግጦሽ ይዞ የሚመጣውን አፋር አርብቶ አደር ከከተማው ነጋዴ እኩል ያስተናግደዋል። ሰኞ በባቲ ገበያ ሚዛኑን ሳያጓድል የሚሸጥ ነጋዴ ማንነቱ በዚያው ይታወቃል፤ ሃይማኖቱን ሲጠየቅም የሚናገረው ቃል ከሚዛኑ ጋር የሚስማማ ይሆናል። ሚዛን የሚያጓድል ክርስቲያን ግን ማዕተብ ባያስር ይሻለው ነበር፤ የሚያሰድበው ራሱን ብቻ አይደለምና።

ከሥራ ውጭ ያለው ሕይወት ደግሞ ወሎ ለረጅም ዘመን የሠራቻቸው መንገዶች አሉት። ቅሬ የሚባለው፣ በሌላው አካባቢ ዕድር ተብሎ የሚጠራው የመረዳጃ ማኅበር፣ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ቀብር ላይ ያቆማል። በሁለቱም ወገን አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ የታወቀ ሥርዓት ስለሆነ፣ ክርስቲያን ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በራሳቸው ሰው የሚታረድ በግ ወይም በሬ ለይቶ ይሰጣል፣ ሙስሊሙም በሠርጉ እንዲሁ ያደርጋል። አንዳንድ የተማሩ ወጣቶች ይህን ልማድ እንደ መለያየት ምልክት ቢያዩትም ማስተዋል የጎደለው ፍርድ ነው፤ ልዩነቱ ሳይሸሸግ፣ ማዕዱም ሳይቋረጥ ሁለቱ አብረው የሚከብሩበት ጥበብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ይታያል። ክርስቲያኗ ነርስ በረመዳን የማፍጠሪያ ሰዓት የባልደረባዋን ተረኛነት ብትሸፍን፣ እርሷ ደግሞ በጥምቀትና በፋሲካ ቢሸፈንላት፣ ሁለቱም እምነታቸውን አላላሉም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን በዓል በዓል ብለው ጠርተዋል።

ይህ ሁሉ በሰላም ጊዜ ይቀላል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰዎች ሞተዋል፣ ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፤ በሁለቱም ወገን የሚያለቅሱ እናቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አካባቢ ክርስቲያን መሆን የሚፈተነው የወገኑን ሙት ሲቆጥር የጎረቤቱንም ሙት በመቁጠሩ፣ ያላረጋገጠውን ወሬ ከእርሱ እንዳያልፍ በማድረጉ፣ የአንድን ሰው ወንጀል በአንድ ሕዝብ ላይ ባለመጫኑ ነው። በፌስቡክና በቴሌግራም በሐሰት ስም ተሸሽጎ የሌላውን እምነት የሚሳደብ ሰው ራሱን የእምነት አርበኛ አድርጎ ቢቆጥርም፣ የሚሠራው ሥራ ከግልጽነት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቀን ለጎረቤቱ ሰላምታ እየሰጠ ሌሊት በስልኩ የሚሰድበው ሰው፣ በግዴታ ዘመን ከኖሩት የሚለየው ማንም ሳያስገድደው ሁለት ሰው መሆኑ ነው። በጎረቤት ፊት ሊነገር የማይችል ቃል በማያ ገጽ ላይም ሊጻፍ አይገባውም።

ከተመራቂዎቹ ጥቂቶቹ ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ወደማይገኝባቸው ቀበሌዎች ይመደባሉ። በዚያ የሚጠብቃቸው ትልቁ ችግር ተቃውሞ ሳይሆን ብቸኝነት ነው፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሱበት፣ ንስሐ የሚገቡበት፣ የከበዳቸውን ጥያቄ የሚያወያዩበት ሰው ያጣሉ፣ በዚህም ምክንያት ከሁለት አንዱን፣ ወይ ራስን መደበቅን ወይ ቁጣን ይመርጣሉ። ስለዚህ አፋን ኦሮሞ የማይችል ተመራቂ ሥራ በያዘ በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋውን ይማር፤ ጎረቤቱ ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ ሲያቀርብለት በአስተርጓሚ የሚመልስ እምነት ሩቅ ሆኖ ይቀራልና። የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ማለትም የአጥቢያውን አስተዳደር ከካህናቱ ጋር የሚመሩት ምእመናን፣ የተመዳቢዎቹን ስምና የሥራ ቦታ ከዛሬው ጉባኤ ሳይወጡ ይመዝግቡ፤ ለእያንዳንዱም የንስሐ አባት ይመደብለት፣ አባትየውም መንገዱ በፈቀደ ቁጥር እስከ ቀበሌው ድረስ ይሂድ፣ ሲሄድም በተመራቂው ቤት ብቻ ተቀምጦ እንዳይመለስ፣ የአከራዩን የሙስሊሙን አባወራ ደጅም አንኳኩቶ ልጁን አደራ ይበል።