የተራራው ጫፍ የጉዞው ግማሽ ነው



የዛሬው ወጋችን ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ኪሊማንጃሮ ይወስደናል። ከባሕር ወለል በላይ 5,895 ሜትር የሚረዝመው ይህ ተራራ በአፍሪካ አቻ የለውም።

በማራንጉ መንገድ የሚወጡ ተጓዦች ቀናት ተጉዘው ኪቦ ከተባለው ማረፊያ ይደርሳሉ። ማረፊያው 4,720 ሜትር ላይ ነው፤ ከእኛው ራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል ማለት ነው። እዚያ ጥቂት ሸለብ ካደረጉ በኋላ እኩለ ሌሊት ገደማ ባትሪያቸውን ግንባራቸው ላይ አስረው ዳገቱን ይያያዙታል።

ለምን በሌሊት? ልቅ የሆነው ጠጠር በውርጭ ስለሚረጋ እግር አያንሸራትትም። ማለዳ ላይ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ይላል። ለመመለሻም ሙሉ ቀን ይተርፋል። ልብ በሉ! ሰዓቱ የተመረጠው መመለሱም ጭምር ታስቦ ነው።

በጫፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ያስፈልጉታል። ስለዚህም መሪዎቹ በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ» ይላሉ፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ጉልበትና ወጣትነት ዋስትና አይሆኑም። ስፖርተኛው ታሞ ሲቀር በዕድሜ የገፋው ቀስ ብሎ ሊደርስ ይችላል።

ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሕመሙ እስኪለቅ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም። ሰውየው እየተንገዳገደ መራመድ ከጀመረ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን ጉዳቱ አንጎሉ ወይም ሳንባው ዘንድ ደርሷል። ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ዋናው መድኃኒት ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ፣ ከሰው ጋር ሆኖ መውረድ ነው።

ችግሩ ያን ጊዜ ነፍስያ ትናገራለች። «ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍለህ? ጓደኞችህስ ምን ይላሉ?» ትላለች። የታመመ አንጎል ደግሞ ትክክለኛ ፍርድ አይሰጥም። ስለዚህ ውሳኔው ከጉዞው በፊት፣ በጤናማ አእምሮ መቆረጥ አለበት፦ «መሪው ተመለስ ካለኝ እመለሳለሁ» ብሎ። እምቢ ያለውን ሰው በጨለማ ተሸክሞ የሚያወርደውም እኮ የልጆች አባት ነው!

መመለስ ሽንፈት ነውን? ጀርመናዊው ሐንስ ማየር እ.ኤ.አ. በ1887 ወደ ኪሊማንጃሮ ወጥቶ በረዶው መንገድ ሲዘጋበት ተመለሰ። በ1889 ግን ከሉድቪግ ፑርትሼለር ጋር ተዘጋጅቶ መጣና ጫፉ ላይ ወጣ። ተራራው ሁለት ዓመት ቆይቶም የትም አልሄደም ነበር።

አድማጮቻችን፣ የሱብሒ ወቅት እነዚህን ተጓዦች ዳገቱ ላይ ያገኛቸዋል። በጠርሙስ የያዙት ውሃ እንኳ በረዶ ሊሆን ይችላል። ዲናችን ውሃ ለማያገኝ ወይም ውሃው ለሚጎዳው ሰው ተየሙምን ፈቅዷል። ለአምልኮ እንኳ ገላችንን እንድንጎዳ ካልተጠየቅን፣ ለአንድ ፎቶግራፍ ብለን ሕይወታችንን ለአደጋ መስጠታችን በምን ሚዛን ይመዘናል? ነፍስ አማና ናት።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ረጅም ተራራ ለመውጣት ሲነሳ አትከልክሉት። የአላህን ፍጥረት ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ስንት ቀን እንደሚጓዝ፣ ማን እንደሚመራው፣ ከታመመ ማን ይዞት እንደሚወርድ ጠይቁት። ስትሸኙትም «ጫፍ ሳትደርስ እንዳትመጣ» አትበሉት፤ «በሰላም ተመለስ» በሉት። ከመንገድ ቢመለስም አትሳቁበት፤ ልጃችሁ በጤና ቤቱ ገብቷልና አልሐምዱሊላህ በሉ።