የሴል ጭንቀትና የሰው ጭንቀት



አሥር ደቂቃ ነው የተሰጠኝ፤ ስለ አንድ ፕሮቲን ብቻ አወራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1962 ፌሩቾ ሪቶሳ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ፣ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ ሴሎች ሙቀት ሲበዛባቸው ክሮሞዞማቸው ላይ አዳዲስ እብጠቶች እንደሚታዩ ጻፈ። ጂኖች እየነቁ ነበር። በእኛ ሴል ውስጥ ይህን የሚያዘው ኤችኤስኤፍ-1 ነው። ፕሮቲኖች ሲበላሹ ይነሳል፣ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጠጋኝ ፕሮቲኖች እንዲመረቱ ያደርጋል፤ ነገሩ ሲረጋጋ ይመለሳል።

ብዙ የጡት ካንሰር ሴሎች ግን ይህን የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቋሚ ቅጥረኛ ያደርጉታል። የሱዛን ሊንድኲስት ቡድን በ2012 እንዳሳየው፣ ካንሰር ውስጥ ኤችኤስኤፍ-1 ሙቀት ከሚቀሰቅሳቸው ጂኖች አልፎ የሴል መከፋፈልንና የፕሮቲን ምርትን የሚመሩትንም ያንቀሳቅሳል። ከጠጋኞቹ አንዱ፣ ኤችኤስፒ-90፣ የኤስትሮጅን ተቀባዩን ቅርጹን ይዞ ለሆርሞኑ ዝግጁ ያደርገዋል። እኛ በታሞክሲፌን የምንዘጋውን ያንኑ ተቀባይ እኮ ነው! ይህን ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ተሞክረዋል፤ ለጡት ካንሰር የጸደቀ ግን እስካሁን የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ቃሉ ነው። እኛ “ስትረስ” ስንል የተጣመመ ፕሮቲን፣ የኦክስጅን እጥረት ማለታችን ነው። በሽተኛዋ የምትሰማው የባሏን ሞት፣ የልጇን ስደት ነው። “ዶክተርዬ፣ በጭንቀቴ እኔው ነኝ ያመጣሁት” ያሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዷ ሕክምናውንም እንደ ቅጣት ትቀበለዋለች። ካንሰሩ ውስጥ ኤችኤስኤፍ-1ን ነቅቶ የሚያቆየው የሴሉ የራሱ ጫና ነው፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥ አይደለም።

ስለዚህ እኔ በሽተኛ ፊት “ስትረስ” ማለት ትቻለሁ። ተማሪዎቼንም ራውንድ ላይ “ሴሉ ተጎድቶ” በሉ እላቸዋለሁ።