የኮምፒዩተር ምርጫና የኃላፊው የሥራ ጫና



አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ለመግዛት ሲነሣ በቅድሚያ የሚያወሳው የዋጋን ጉዳይ ነው። ጨረታ ይወጣል፤ ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ አነስተኛ ዋጋ ያቀረበው ይመረጣል። ይሁን እንጂ ውሉ ተፈርሞ ዕቃው ከመጋዘን ከወጣ በኋላ ሌላ ሒሳብ ይጀመራል። ይኸውም የቴክኖሎጂ ኃላፊው በየዕለቱ በጊዜውና በጉልበቱ የሚከፍለው ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ሁለተኛው ሒሳብ ከግዥው በፊት መታሰብ እንዳለበት ማስረዳት ነው።

ምርጫው የሥራ ጫናን የሚለውጠው በተለይ በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው፣ ጎን ለጎን የሚሠሩት ሥርዓቶች ብዛት ነው። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወሰነ። እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስም ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮች ተዛወሩ። ነገር ግን በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስለ ነበሩ አሮጌው ሥርዓት ፈጽሞ አልወጣም፤ ባለሙያዎቹም ሁለቱን አጣምረው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ መመለስን ሲወስን፣ ፖለቲካውም የራሱ ድርሻ እንደ ነበረው አይካድም። ትምህርቱ ግን ሊኑክስ አይረባም የሚል አይደለም፤ ሁለት ሥርዓት ያለው ቤት ሁለት ዓይነት ዕውቀትና ሁለት ዓይነት ጥገና ይጠይቃል የሚል ነው።

ሁለተኛው፣ የአያያዙ ስልት ነው። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ ፍሌቸር ፕሬቪን እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይ እንደ ገለጹት፣ ከኩባንያው የማክ ተጠቃሚዎች መካከል የእርዳታ ክፍሉን የሚጠሩት 5 በመቶ ሲሆኑ፣ ከፒሲ ተጠቃሚዎች ግን 40 በመቶ ነበሩ። አኃዙ የሚያስደንቅ ቢሆንም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ማክን የያዙት ወደውና መርጠው የያዙት ናቸው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ከካርቶኑ ወጥቶ ከመረብ ጋር እንደ ተገናኘ ራሱን እንዲያሰናዳ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ጫናውን ያቀለለው የመሣሪያው ስም ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ አስቀድሞ የተዘረጋው አሠራርም ነው።

ሦስተኛው፣ የሥርዓቱ ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ በደኅና ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች መስፈርቱን አላሟሉም። እንዲህ ያለ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያልታሰበበት እንደ ሆነ ግን የዓመታት ሥራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የፊደል ጉዳይ ተጨምሮ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን መለያ ቁጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ክፍል ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል፤ ጸሐፊዋም ኃላፊውን ትጠራለች። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል አብሮ ይዞ መጣ፤ ችግሩም በአዳዲሶቹ ጽሑፎች ረገድ እየቀለለ ሄደ። የዚያ ዘመን ሰነድ በመዝገብ ቤት በተቀመጠበት ሁሉ ግን የመለወጡ ሥራ ይጠብቃል።

እንግዲህ መፍትሔው አንዱን ኩባንያ አወድሶ ሌላውን መንቀፍ አይደለም። ከጨረታው በፊት ሦስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመለሱ። አዲሱ ሥርዓት አሮጌውን ፈጽሞ ይተካል ወይስ በላዩ ይደረባል? አንድ መሣሪያ ለሥራ እስኪበቃ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ድጋፉ የሚያበቃውስ መቼ ነው? መልሱን የሚጽፈው ደግሞ ሸክሙን የሚሸከመው ባለሙያ ራሱ ሊሆን ይገባል። ኃላፊው ከአቅሙ በላይ በተጫነ ጊዜ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛና በመስኮቱ ፊት ተሰልፎ "ሲስተም የለም" የሚባለው ባለጉዳይም አብረው ይጎዳሉ።